ትንሽ ነው የቀረኝ

መኪና ከአስፋልት ወጥቶ ሲገለበጥና ሹፌሩ በሕይወት ሲተርፍ ደጋግማ የምትሰማ አንዲት ቃል አለች፤ «እንቅልፍ ሳላውቀው ወሰደኝ»። ትራፊክ ፖሊስ ይጽፋታል፣ ዘመድ ይደግማታል፣ ሰሚውም «ምን ያድርግ፣ እንቅልፍ ነው!» ብሎ ከንፈሩን ይመጣል። እኔን ግን ትከነክነኛለች። ሹፌሩ ይዋሻል ማለቴ አይደለም፤ አብዛኛው የሚናገረውን ከልቡ ያምናል፣ የሚያምንበትም ምክንያት አለው። ነገር ግን ያቺ «ሳላውቀው» ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን በአንድ ጠቅልላ ይዛለች።

አንደኛው ጉዳይ ትዝታ ነው። አእምሮ ወደ እንቅልፍ ሲገባ ከዚያ ቀድመው የነበሩትን ጥቂት ደቂቃዎች አይመዘግባቸውም። ማታ አልጋው ላይ የተጋደመ ሰው እንቅልፍ የወሰደበትን ቅጽበት ጠዋት መናገር የማይችለው ለዚህ ነው። መሪ ላይ ያሸለበውም እንደዚያው ነው። ከእንቅልፍ ጋር ሲታገል የቆየበት የመጨረሻው ጊዜ ስለሚፋቅበት፣ ንቁ ሆኖ ሲነዳ አደጋው ከሰማይ የወረደበት ይመስለዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ በዚያው ሰዓት የሚያውቀው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በእንግሊዝ የሎውቦሮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ጂም ሆርንና ሉዊዝ ሬይነር እንቅልፍ የጎደላቸውን ሰዎች በመንጃ ማስመሰያ ላይ አስቀምጠው፣ በየጥቂት ደቂቃው ምን ያህል እንቅልፍ እንደተጫናቸው ይጠይቋቸው ነበር። መስመር የሳቱት ሰዎች ከመሳታቸው ብዙ ቀደም ብለው እንቅልፍ እየታገላቸው እንደሆነ ተናግረዋል። አንዳንዶቹ ያልገመቱት ሌላ ነገር ነው፤ ከአሁን አሁን ጭራሽ ሊወስደኝ ይችላል ብለው አላሰቡም። እንግዲህ ሹፌሩ እንቅልፉ እንደመጣበት ያውቃል፣ በምን ያህል ርቀት ላይ እንዳለ ግን አያውቅም። የሚጠየቅበትም ነገር ያለው በእነዚህ በሁለቱ መሐል ባለችው ጊዜ ላይ ይመስለኛል። ዓይኑ የተከደነባት ቅጽበት ላይ ብቻ ከተነታረክን ዋናውን ነገር እናልፈዋለን።

ገዋኔን ካለፉ በኋላ

400 ኩንታል የጫነ ተሳቢ ከጅቡቲ ድንበር፣ ከጋላፊ ተነስቶ ዲቾቶን፣ ሰመራን፣ ሎጊያንና ሚሌን አልፎ ሌሊት ገዋኔ ደረሰ እንበል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኗል። ሰውነት በቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ በራሱ ይዝላል፤ ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ክፉኛ፣ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ደግሞ ቀለል ባለ ሁኔታ። የሌሊቱን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የቀኑን ግን «ምሳ ከብዶኝ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ምሳ ያልበላ ሰውም በዚያ ሰዓት እንደሚዝል ልብ አይለውም።

ምልክቶቹ በየተራ ይመጣሉ። መጀመሪያ ማዛጋት፣ ዓይን ማሸት፣ ወንበር ላይ መቁነጥነጥ አለ። ቀጥሎ ፍጥነቱ ያለ ምክንያት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ማርሽ መቀየሩ ይዘገያል፤ ከኋላ የሚመጣን መኪና በመስታወት ማየት ይረሳል። ከዚያ ያለፈውን መንደር ማለፉን አያስታውስም። በመጨረሻ የቀኝ ጎማ የአስፋልቱን ጠርዝ ለቆ ጠጠሩን ሲረግጥ ደንግጦ መሪውን ይመልሳል። ይህ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ አይደለም፤ እንቅልፉ አንድ ጊዜ ወስዶት ተመልሷል ማለት ነው። ከአንድ ሰከንድ ጀምሮ እስከ 15 ሰከንድ ገደማ የሚቆይ፣ አንዳንዴም ዓይን ገልጦ የሚተኙት እንቅልፍ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተሳቢ በ4 ሰከንድ ውስጥ 67 ሜትር ይሄዳል፤ በ100 የሚበር ሚኒባስ ደግሞ 111 ሜትር። የተኛ ሰው ፍሬን ስለማይረግጥ እንዲህ ያለ አደጋ በደረሰበት ቦታ ብዙ ጊዜ የጎማ ጭረት አይገኝም።

ሹፌሩ በዚህ ጊዜ ዝም ብሎ አይቀመጥም። መስኮት ይከፍታል፣ ሙዚቃውን ከፍ ያደርጋል፣ ፊቱን በውሃ ያርሳል፣ ቆሎ ይቆረጥማል፣ ስልክ ይደውላል። እነዚሁ ሁለት ተመራማሪዎች ቀዝቃዛ አየርንና ሬዲዮን ለብቻቸው ፈትነዋቸው ነበር። ጥቅማቸው ትንሽና አጭር ሆኖ ነው የተገኘው፤ ተስማሚ ማቆሚያ እስኪገኝ ያደርሱ እንደሆነ እንጂ ከዚያ አያልፉም። እኔ ከዚህም አልፌ እጠራጠራቸዋለሁ። መስኮት የከፈተ ሹፌር አንድ ነገር ያደረገ ስለሚመስለው ውሳኔውን ለሌላ ግማሽ ሰዓት ያስተላልፋል።

ያቺ «ትንሽ ነው የቀረኝ» የምትመጣው እዚህ ላይ ነው። ከገዋኔ አዋሽ ሁለት ሰዓት የማያንስ መንገድ ነው፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በዛለ አእምሮ ሲታሰብ ግን ትንሽ ነው። እንቅልፍ ሲጎድል ከሚዳከሙት አንዱ አመዛዝኖ የመወሰን ችሎታ በመሆኑ፣ «ልቀጥል ወይስ ልቁም» የሚለውን ጥያቄ የሚዳኘው ራሱ የታመመው ክፍል ነው። ሰካራም «አልሰከርኩም» እንደሚለው ሁሉ የዛለም ሰው «ደህና ነኝ» ይላል። በዚያ ላይ መድረሻው ሲቃረብ ልብ ይረጋጋል፣ መንገዱም የታወቀ ነው። ዓባይ በረሃን ወይም የጣርማ በርን ጠመዝማዛ ሲወርዱ የሚያሸልብ ሹፌር ጥቂት ነው፤ ፍሬኑም ማርሹም ገደሉም እንቅልፍ አያስጠጉም። እንቅልፉ የሚመጣው ቁልቁለቱ አልቆ መንገዱ ሲቃናና «ተረፍን» ሲባል ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ስለዚህ ውሳኔውን ለዚያች ሰዓት መተው አያዋጣም። የት እንደሚቆም ሳይነሱ በፊት፣ ጭንቅላት ንጹሕ ሳለ መወሰን አለበት፤ ሳይቃጠል በቅጠል። «እንቅልፍ ከመጣብኝ እቆማለሁ» ብሎ የተነሳ ሹፌር አይቆምም። «ሚሌ ላይ አድራለሁ» ብሎ የተነሳ ይቆማል።

ወረፋ ዕረፍት አይደለም

«ቀኑን ሙሉ ቆሞ ነው የዋለው፣ ምን አደከመው?» የሚል ነገር ከባለንብረቶች አፍ አይጠፋም። ወደብ ላይ ጭነት ሲጠብቅ፣ ድንበር ላይ ሰነድ ሲጠብቅ፣ ኬላ ላይ ተራ ሲጠብቅ የዋለ ሹፌር በእርግጥ አልነዳም። ግን በየግማሽ ሰዓቱ አንድ መኪና ፈቀቅ ሲል እሱም ፈቀቅ ይላል፤ ተራው እንዳይቀማም ዓይኑን አይከድንም። ቢተኛ እንኳ በአፋር ቀትር፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ጋቢና ውስጥ ወይም በተሳቢው ጥላ ሥር የሚገኘው እንቅልፍ የተቆራረጠ ነው። ሰውነት ጥልቅ እንቅልፍ የሚገባው ሙቀቱን ዝቅ ማድረግ ሲችል በመሆኑ፣ በዚያ ሐሩር አምስት ሰዓት የተጋደመ ሰው ሁለት ሰዓትም በወጉ ላይተኛ ይችላል።

የሚቆጠረው የመንዳት ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ነቅተው የቆዩበት ሰዓት ሁሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 0.5 ግራም አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚስተካከል አሳይቷል፤ ብዙ የአውሮፓ አገሮች መንዳት የሚከለክሉበት መጠን ነው። 24 ሰዓት ሲሞላ ደግሞ 1 ግራም ገደማ ይደርሳል። ጠዋት 12 ሰዓት የነቃ ሹፌር 17ኛው ሰዓት የሚሞላው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ ቀኑን ወረፋ ላይ ውሎ መንዳት የሚጀምረው ያኔ ከሆነ ገና ከመነሳቱ ሰክሮ እንደመነሳት ነው። በአሜሪካ ኤኤኤ የተባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር ያቋቋመው የትራፊክ ደህንነት ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት፣ ባለፉት 24 ሰዓታት ውስጥ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ብቻ የተኛ አሽከርካሪ አደጋ የማድረስ ዕድሉ 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከተኛው ከአራት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ከ4 ሰዓት በታች ለተኛው ከአሥር እጥፍ አልፏል።

ጫቱ የሚደብቀው

ብዙ ሹፌሮች ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ጫት ነው ይላሉ። ይህን በስብከት መመለስ አልወድም፤ ጫት በእርግጥ ያነቃል። ለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር በሥራው ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል። ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ካቲኖኑ እየተሰባበረ ደካማ ወደሆነ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ከአወዳይ ጫት ጭነው የሚበሩት፣ ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ የሰየማቸው አይሱዙዎች እንደዚያ የሚጣደፉት ለዚህ ነው። ቅጠሉ መንገዱን ያጣድፋል፣ የተጣደፈው ሹፌር ደግሞ ያንኑ ቅጠል ይቅማል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ቢባልም እዚህ የሚፈሰው ተመልሶ አይለቀምም።

ችግሩ ጫት እንቅልፍን አያስቀርም፣ ይሸፍነዋል። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ የሚሄደው የእንቅልፍ ግፊት ምርቃናው ላይ ሳለ አይሰማም እንጂ መጠራቀሙን አያቆምም። ምርቃናው ራሱም ጣጣ አለው። በራስ መተማመን ይጨምራል፣ ፍጥነትም አብሮ ይጨምራል፣ ማለፍ የማይገባውን መኪና ማለፍ ይቀላል። የዓይን ብሌን ስለሚሰፋ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ይበልጥ ያጥበረብራል። ከዚያ ቅሚያው ባቆመ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ የተጠራቀመው እንቅልፍ ሁሉ ከድብርቱ ጋር በአንድ ጊዜ ይመጣል። ከምሽቱ 2 ሰዓት መቃም ጀምሮ ከሌሊቱ 6 ሰዓት የጨረሰ ሹፌር መውረጃው የሚገጥመው ሰውነቱ በራሱ በሚዝልባቸው ከ8 እስከ 12 ባሉት ሰዓታት ላይ ነው። ሁለቱ እንዲገጣጠሙ ሆን ተብሎ ቢታቀድ ከዚህ የተሻለ አይሆንም።

ከሁሉ የከፋው ጨብሲ ነው። ምርቃናውን ለማውረድ ሁለት ሦስት ቢራ ተጠጥቶ ሁለት ሦስት ሰዓት ይተኛል፤ ከዚያ ይነሳና ይነዳል። ጫቱ አልቋል፣ እንቅልፉ አልጠገበም፣ አልኮሉ ገና ደም ውስጥ አለ። ለንቁ ሰው እዚህ ግባ የማይባል የአልኮል መጠን እንቅልፍ በጎደለው ሰው ላይ በርትቶ ይሠራል።

ስለ አልኮል ሒሳቡ ቀላል ነው፣ የሚሠራው ግን ጥቂት ሰው ነው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ንጹሕ አልኮል አለው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት 7 ግራም ገደማ ያቃጥላል፤ ቡናም ሻወርም ሾርባም አያፋጥኑትም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ስድስት ጠርሙስ የጠጣ ሰው 78 ግራም ወስዷልና ደሙ የሚጸዳው ወደ 11 ሰዓት ቆይቶ፣ ጠዋት 1 ሰዓት አካባቢ ነው። አውቶቡሱ ግን የሚነሳው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጠጅ፣ ጠላና አረቄ ከቤት ቤት ስለሚለያዩ በብርሌና በመለኪያ ቆጥሮ ይህን ሒሳብ መሥራት አይቻልም።

መድኃኒትንም በአጭሩ ላንሳ። ለጉንፋንና ለአለርጂ ከሚሸጡት ውስጥ ክሎርፌኒራሚን ወይም ፕሮሜታዚን ያለባቸው፣ እንደዚሁም ዳያዜፓም፣ አሚትሪፕቲሊንና ትራማዶል ያስተኛሉ። ለአለርጂ ከሆነ ሎራታዲን በጣም ያነሰ ነው፤ ፋርማሲስቱን «ሹፌር ነኝ» ማለት ብቻ ይበቃል። ስምንት ሰዓት ተኝቶም ቀን የሚያንቀላፋ፣ ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ቁርጥ የሚልና ጠዋት ራሱን የሚያመው ሹፌር ካለ ደግሞ ጉዳዩ የሐኪም ነው፤ ምንም ያህል ቢተኛ እንቅልፉ አያርፍበትም።

ቡናው ከመተኛት በፊት ነው

እንቅልፍ ለመጣበት ሰው የሚሠራው ነገር አንድ ነው፤ መተኛት። አጭሯ እንቅልፍም ግን በወጉ ስትሆን ነው የምትጠቅመው። መቆሚያው ማደያ፣ ኬላ ወይም መብራት ያለበት ከተማ ይሁን። ሌሊት በአስፋልት ዳር የቆመ ተሳቢ ለሌላው ሹፌር ወጥመድ ነው፤ የግድ ከሆነም ሙሉ በሙሉ ከመንገድ ወርዶ፣ ባለ ሦስት ማዕዘኑን ምልክት ከኋላ አርቆ አስቀምጦ ነው። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማው ታኮ ይግባበት፣ ሞተሩ ይጥፋ።

ከዚያ ቡና፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸው ቅደም ተከተሉን ነው። ተኝቶ ሲነሳ ይጠጣል። ካፌይን ለመሥራት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ሲኒ ወፍራም ቡና ፈጠን ብሎ ጠጥቶ፣ ስልኩን 20 ደቂቃ ሞልቶ መጋደም ነው። በእንግሊዞቹ ሙከራ የተሰጠው መጠን ከ150 እስከ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን ነበር፤ 250 ሚሊ ሊትር የሚይዙት ሁለት ጣሳ የኃይል ሰጪ መጠጦችም ወደዚያው ይደርሳሉ። ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ባይወስድም ማንቀላፋቷ ራሷ ትጠቅማለች። ከ30 ደቂቃ በላይ ከሄደ ግን አእምሮ ወደ ጥልቁ እንቅልፍ ስለሚገባ፣ ሲነሱ ለሩብ ወይም ለግማሽ ሰዓት መደንዘዝ አለ። በዚያ ድንዛዜ መሪ መጨበጥ ከበፊቱ አይሻልም። ወርዶ ጎማውን መዞር፣ ሸራውንና ገመዱን ማየት፣ ፊት መታጠብ ይህን ጊዜ ነው ጥቅማቸው።

ይህ ሁሉ የሚገዛው አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ ሁለት ነው። እንቅልፉ ለሁለተኛ ጊዜ ከተመለሰ ሌላ ቡና አይመልሰውም። እዚያው ማደር ነው።

የሌላው ሰው ድርሻ

ሹፌሩን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ክፍያው በቢያጆ፣ ማለትም በጉዞ ቁጥር፣ በሆነበት፣ ወረፋ ላይ ያለቀው ቀን በማይታሰብበት ሥራ፣ ያጣውን ቀን የሚያካክሰው ከእንቅልፉ ቆርጦ ነው። ብዙ መኪኖች ላይ ጂፒኤስ ተገጥሟል፤ ባለንብረቱ መኪናው ስንት ሰዓት ሳይቆም እንደሄደ ከቢሮው ያያል። ስርቆት ለመቆጣጠር የተገጠመው መሣሪያ አምስት ሰዓት ሳያርፍ የሄደን ሹፌር ለማስቆምም ይሠራል። ያንን እያየ ከሌሊቱ 9 ሰዓት «የት ደረስክ?» ብሎ የሚደውል ሰው ከጥፋቱ ድርሻ አለው ባይ ነኝ።

አሜሪካ የከባድ መኪና ሥራ ላይ የተሰማሩ ወገኖቻችን ይህን ሕጉ ራሱ ይወስንላቸዋል። 10 ሰዓት ካረፉ በኋላ በ14 ሰዓት ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ አይነዱም፤ 8 ሰዓት ከነዱም 30 ደቂቃ ዕረፍት ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2017 ወዲህ ይህን የሚመዘግበው መኪናው ላይ የተገጠመ መሣሪያ ነው። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ አራት ሰዓት ተኩል ከተነዳ 45 ደቂቃ ይታረፋል። ሆኖም መሣሪያው መኪናውን እንጂ ሰውየውን አያይም። ኡበር አሜሪካ ውስጥ 12 ሰዓት የነዳን ሰው ለ6 ሰዓት ከመተግበሪያው ያስወጣዋል፤ ሰውየው ግን ከመንዳቱ በፊት ስምንት ሰዓት ፓርኪንግ ውስጥ ሠርቶ መምጣቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ፍርድ ቤትም ይቸገራል። አልኮልን ትንፋሽ ያሳያል፤ እንቅልፍ ማጣትን ግን የሚለካ መሣሪያ ትራፊክ ፖሊስ እጅ ላይ የለም። እ.ኤ.አ. በ1997 በኒው ጀርሲ 30 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሹፌር ማጊ የምትባል የ20 ዓመት ተማሪን ገድሎ በመጨረሻ የተቀጣው 200 ዶላር ነበር። እናቷ ባደረገችው ትግል ግዛቲቱ በ2003 «የማጊ ሕግ» የሚባለውን አወጣች፤ መሪ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ወይም ከ24 ሰዓት በላይ ሳይተኛ ነድቶ ሰው የገደለ ሹፌር ግድየለሽ ተብሎ እንዲከሰስ በር ከፈተ። ሕጉ የሚጠይቀው ሹፌሩ ማሸለቡን ብቻ አይደለም። ስንት ሰዓት ሳይተኛ እንደቆየም ነው።

ተሳፋሪውም አለ። ሌሊት በሚጓዝ ሚኒባስ ጋቢና የተቀመጠ ሰው እንዳይተኛና ሹፌሩን እንዲያጫውት ይነገረዋል። ጨዋታው ግን መስኮት ከመክፈት አይሻልም፤ ጋቢና ያለው ሰው ዋናው ሥራው ማየት ነው። የሹፌሩ ዓይን ተከድኖ ለመገለጥ ሲዘገይ፣ ጨዋታ መመለሱን ሲተው፣ መኪናው ወደ ዳር ወጣ ብሎ በድንገት ሲመለስ ሰዓቱ ደርሷል። «ተኝተሃል!» ብሎ መጮህ ግን «ማን? እኔ?» የሚል ክርክር ነው የሚያመጣው፤ በሰው ፊት የተዋረደ ሹፌር ደግሞ ንቁነቱን ለማሳየት ፍጥነት ይጨምራል። «ጋሼ፣ እዚች ከተማ ላይ ሽንት ቤት ብንወርድ፤ ቡናም ብንጠጣ፣ እርስዎም ትንሽ ጋደም ይበሉ፣ እኛ እንጠብቃለን» ማለት መውጫ ይሰጠዋል። እምቢ ካለ ለረዳቱ መንገር፣ ከኋላ ያሉትን ማስተባበር ነው፤ አንድ ሰው ሲናገር የሚቆጣ ሹፌር አሥራ ሁለት ሰው ሲናገር ይቆማል። ያም ካልሆነ የሚቀጥለው ኬላ ላይ ወርዶ የሰሌዳ ቁጥሩንና የሚሄድበትን አቅጣጫ እዚያ ላለው ፖሊስ መስጠት፤ የትኬቱን ገንዘብ ከዚያ በኋላ መጠየቅ ይቻላል።